ሰው ያላደረበት አልጋ

ልጅ ያላት እናት ሆቴል ምን ትሠራለች የሚሉት ነገር አይገባኝም። ልጅ ያለው ሰው ጎኑን ማሳረፍ አይችልም? ሆቴል ማለት እኮ ቁልፍ ሰጥተው ደህና ይደሩ የሚሉበት ቤት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። አልጠየቅሽኝም፣ አውቃለሁ። ግን ይህን ስታነቢ ከንፈርሽን እንደምትመጪ ስለማውቅ ቀድሜ መለስኩልሽ።

ይኸው ሰላምታውን ዘለልኩት። እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ፣ ጎንበስ ስትይ አሁንም ይይዝሻል? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ክር በመርፌ አላሾልክ አለ እንጂ ሰው ይለያል። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፤ የተጣመመውን አንቺ አቃንተሽ አንብቢው።

የመጣሁት ለልጄ ነው፣ ለሹፌሯ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን ሳልጠራ መክረሜን ካንቺ የተሰወረ አይደለም። አስተማሪነቱን ትታ የጭነት መኪና መሪ ጨበጠች ሲሉኝ «ከዚያ መኪና ሳትወርጂ ቤትሽን ብረግጥ እግሬ ይሰበር» ብዬ በሰው ፊት ማልኩ። አፌ መቼ ማንን አማክሮ ያውቃል። እሷም የኔው ልጅ ናትና «እንግዲያው እግርሽን ጠብቂው» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዝም ዝም። ዘንድሮ ግን ወንድሟ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል አለኝ። እኔ ሳላያት የሸበተች ልጅ አለችኝ ማለት ነው እኮ። ቤቷ እንዳልሄድ መሐላው አለ፣ ቤቴ እንዳትመጣ ኩራቷ አለ፤ ስለዚህ የማናችንም ያልሆነ ቤት መረጥኩ። ወንድሟም እናታችን ከእሑድ ጀምሮ እዚህ ሆቴል ሰባት ቁጥር ናት ብሎ ነገራት። ረቡዕ ጭነት ይዛ ከወጣች ደግሞ ሁለት ወር አትመለስም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋ፣ ወንበር፣ መታጠቢያ፣ ሰውን የሚያወፍር መስታወት። ሰኞ ጠዋት ስነሳ አልጋዬን ለባዳ ዝርክርክ አድርጌ እንዴት ልውጣ? አነጠፍኩ። አንሶላውን ወጠርኩ፣ መታጠቢያውን አደረቅኩ፣ ፎጣውን እንደነበረ አጠፍኩ፣ ሻንጣዬን አልጋ ሥር ከተትኩ። ቁልፉን በኪሴ ይዤ በኋላ በር ወጣሁና ጓሮ ፀሐይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከመንገዱ ጫጫታ ይሻላል ብዬ። ማክሰኞም እንዲሁ። ልጄ አልመጣችም። የሰደብኳትን ስድብ ወረቀት አይችለውም።

ዛሬ አንሶላዬን ስወጥር የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ ገባች። እንደ እኔው አፈኛ የሆነች፣ የሦስት ልጆች እናት። ስታየኝ መጥረጊያዋን ይዛ ክው አለች። «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ነው እንዴ የሚያድሩት?» አለችኝ። የት ልደር ታዲያ፣ ጣራ ላይ? ለካስ ሁለቱንም ቀን ክፍሉን ስታየው ሰው ያላደረበት መስሏት፣ ሰባት ቁጥር ባዶ ነው እያለች ለእንግዳ ተቀባዩ ትነግረው ኖሯል። ይሄኛው እንግዳ ተቀባይ ደግሞ፣ ስወጣም ስገባም በኋላ በር ነኝና፣ አይቶኝ አያውቅም፤ እሑድ የተቀበለኝ ሌላው ነው። ሰኞ ልጄ መጥታ እናቴ አለች ወይ ብትለው፣ ቁልፍ ወስደው ነበር ግን አላደሩም፣ ሳይሄዱ አልቀሩም አላት። ማክሰኞም ተመልሳ መጣች፣ ያው መልስ። እኔ ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ እሷን እየረገምኩ ፀሐይ እሞቃለሁ።

ወርጄ እንግዳ ተቀባዩን፣ ምን አለች ስትሰማ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «‹እኔን ማየት አቅቷት ተመለሰች› ብለው ሄዱ» አለኝ።

እህቴ፣ ቁጭ ብዬ ሳስበው የኔ ነገር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ያለቀስኩ እንደሆነ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ፤ የናፈቅኩ እንደሆነ እሳደባለሁ። ያደርኩበት እንኳ እንዳይታወቅ አነጥፋለሁ። ታዲያ ልጅቷ በምን ትወቀኝ? አንቺም ብትሆኚ በስንት ዓመትሽ ነው የገባሁሽ።

እንግዳ ተቀባዩ ተፀፅቶ፣ ቁጥሩን ከኔ ተቀብሎ ለወንድሟ ደወለ። ወንድሟም ጭነቷን አሳስራ ልትነሳ ነው አለ። ምን ልበላት ቢለኝ፣ እናትሽ አልሄደችም፣ አልጋዋን ራሷ እያነጠፈች ነው ያላወቋት በላት አልኩት። ትምጣ የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለች። ስልኩን ዘግቶታል ከተባልኩ በኋላ ነው የወጣችው፤ ምን ይሠራል። ይኸው ወደ ክፍሌ ተመልሼ፣ ከምቆዝም ላንቺ ልጻፍ ብዬ ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ሲጋራውን ካልተወ ሳሉ እንደማይተወው ንገሪው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ። መንትዮቹን እኩል ሳሚልኝ፣ አንዱ ይቆጥራልና። ለአማችሽም ለዚያ ለዝምተኛው

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው ነው፣ እማማ ቶሎ ይውጡልን ይላል። አንድ የጭነት መኪና የሆቴሉን በር ዘግቶ ቆሟል፣ ከኋላው መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ ሹፌሯ ግን ማቆሚያ ስለሌለ አልወርድም፣ እናቴ ትውጣ ብላለች አለኝ። መወጣጫው ከፍ ያለ ነው ወይ አልኩት። እስከ ወገብዎ ይደርሳል አለ። ወንበሩን ይዘህ ቅደም ብዬዋለሁ።

ሰባት ቁጥር ክፍል፣ ረቡዕ ረፋድ