አህያዋ ላይ ያደረግኩት ኮትዎ

ፍኖተ ሰላም
ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ አባቴ ሃምሳ አለቃ ቢሆነኝ፣

ማዕረግዎን ጽፌ ስጠራዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጤናዎን አልጠይቅም፤ ከቡሬ የመጣ ሰው ደህና መሆንዎን ነግሮኛል። የምጽፍልዎ ስለ ለንደን ነው። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እርስዎም እንዴት ነበር ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም።

ለመምህራን ሥልጠና ሦስት ሳምንት ቆየን። አንድ ቀን ከደምበጫው መምህር ከምናለ ጋር በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ዘብ ሲቀያየር ለማየት ሄድን። ያካፋ ነበር። ቀይ ኮት የለበሱ፣ ትልቅ ጥቁር የጠጉር ባርኔጣ የደፉ ወታደሮች በማርሽ ባንድ ታጅበው መጡ። አባቴ፣ ደስ አለኝ። አልዋሽዎትም፤ አጥሩን ይዤ በእግሬ ጣት ቆሜ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ሠላሳ ስድስቱንም ፎቶ እዚያው ጨረስኩት።

"ሦስተኛው ልጅ እርምጃው ተሳስቷል" አልኩት ምናለን።

"አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው?"

"አባቴ ክብር ዘበኛ ነበር" ከማለቴ ዕንባዬ መጣ። ምናለ ግራ ገባው። "ምነው እህቴ፣ ሰልፍ እኮ ነው" አለኝ።

ያናደደኝ የገዛ ደስታዬ ነው። በ1989 መሬት ሊደለደል ነው ሲባል፣ ንጉሡን ያገለገለ ሁሉ የፊውዳል ርዝራዥ እየተባለ መሬቱ ይቆረጥበታል ተብሎ ተወራ። እርስዎ ግን በየጥምቀቱ የክብር ዘበኛ ኮትዎን ለብሰው ከታቦቱ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ጎረምሳውን "ደረትህን ንፋ! እግርህን አንሳ!" ይሉ ነበር። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ፈራሁ። ኮቱ ከቤት ከጠፋ ነገሩም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ አዝራሮቹን በጠስኩ፣ እጅጌውን ቀደድኩ፣ ለአህያዋ መደላድል አደረግኩት። መጣሉ እንኳ አሳዘነኝ፤ ለሥራ ይዋል አልኩ። የገበሬ ልጅ አይደለሁ?

በገበያ ቀን እህል ሲጭኑ አዩት። እጅዎን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ "እስቲ ጆንያውን ወዲህ በይ" አሉኝ። 

መሬቱ እንደሆነ መቆረጡ አልቀረም፤ እርስዎን ለማወቅ ኮት የሚያስፈልገው ሰው ቡሬ ውስጥ አልነበረም። አራት ጥማድ ቀረልዎ። ታዲያ ምን ቆርጦኝ ነው የቀደድኩት? እነዚያ የለንደን ዘቦች የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው አደባባይ ሲወጡ መሬታችሁን አምጡ የሚላቸው የለም። እኔ የአባቴን ኮት ቀድጄ ለሰው ኮት ላጨበጭብ ባሕር ተሻገርኩ። ፎቶዎቹን ፖስታው ውስጥ ከትቻቸው ነበር፤ መልሼ አወጣኋቸው። ምን ብዬ አሳይዎታለሁ?

በእርስዎም እናደዳለሁ። ይቅር ይበሉኝና፣ ያን ዕለት በያዙት ዱላ ቢመቱኝ ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባልተንገበገብኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት በመጣሁ ቁጥር ከመደቡ ተነስተው ቦታዎን ይለቁልኛል። "መምህርት፣ እዚህ አረፍ በይ" ይሉኛል፣ ከወረዳ እንደመጣ ሰው። ወንድሜን ባምላኩን "አንተ ሰነፍ፣ ጀንበር ወጣብህ" ብለው ሲሰድቡት እቀናበታለሁ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ኮቱን መመለስ አልችልም፤ ሌላ አሰፋልዎታለሁ ብዬም አልቀልድብዎትም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ ሲያዩኝ አይነሱልኝ። እንደተቀመጡ ይስደቡኝ። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ልጅዎ
ትሕትና ቢሆነኝ