የሰሜኑ ነፋስ ሳይወስደው የያዝኩት ሳባሎ

ካሲልዳዬ፣ በመጨረሻ ሳባሎ ያዝኩ!

እኛ ጋ የተሰጣ ልብስ ብቻ የሚበትነው የሰሜን ነፋስ፣ እዚህ ሲነሳ ይህ ግዙፍ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ባሕር ይሄዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ አምልጦኛል። ዛሬ በካያኬ፣ በትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባዬ፣ ስወጣ አጎቴ ኤውሎሂዮ ከዳር ሆኖ፣ «በዶሮ ላባ ዓሣ ሊያዝ? ይልቅ ዶሮዋን አምጪና እንብላት!» አለኝ። መንጠቆ ላይ ከላባ የሠራኋትን የማታለያ ዝንብ ወርወር ሳደርጋት ሳባሎው ዋጣትና ጀልባዬን እየጎተተ ሐይቁን አዞረኝ። እጄ ቢደማም ክሩን አልለቀቅኩም። ደክሞት አጠገቤ ሲደርስ አጎቴ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ «ጎሽ የኔ ጀግና! በይ አሁን ልቀቂው፣ መንገደኛ ነው!» አለ። ለቀቅኩት። አሁን «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» እያለ መንደሩን አዳርሷል።

ቦታ ስላለቀ የፖስት ካርዱ ጠርዝ ላይ ነው የምጽፈው፤ እናትሽን ሳሚልኝ።

ኔሬይዳ