የማስተዋል የወስፋት ክኒን

ለእትዬ እናትነሽ፣ ባሕር ሳያግደው ሰላምታዬ ቤይሩት ድረስ ይድረስሽ። እኛ እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ተመስገን ደህና ነን።

ልጅሽ ማስተዋል በትምህርት ቤቷ ከጓደኞቿ ጋር የወስፋት ክኒን ተሰጣት። ትሉ ወጥቶላታል፤ የተነፋው ሆዷ ግን አልጎደለም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጥላ ባየች ቁጥር እኔን አክስቷን እንደ አገሩ ልጆች «ኻልቶ፣ ያላ እንቀመጥ» ትለኛለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አየና «ትሎቹ ደሟን መጠውታል፤ ሥጋና ጉበት ትብላ» አለኝ። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ በሰው ቤት ሥጋ ስከትፍ እንደምውል አላወቀም።

ለጥምቀት የላክሽላት ጫማ ያኔ ሰፍቷት ነበር፤ አሁን እግሯ አብጦ አልገባ ብሏል። ጎረቤታችን «ማሻላህ፣ አደገች!» አለችኝ። ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ መሆኑን አላየችም።

ለአሠሪዎችሽ ልጆች በየማለዳው ወተት እንደምታፈዪላቸው የጻፍሽውን አነበብኩላት። ትንሽ አሰበችና «ኻልቶ፣ ልጆቹ እማዬን ማን ብለው ይጠሯታል?» አለችኝ።

በሰው አገር እመቤታችን ትጠብቅሽ። ማስተዋል ጉንጭሽን ስማሻለች። እትዬ፣ ለመምጣት ኮንትራትሽ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

ታናሽሽ ጸሐይወርቅ