የሙሉቀን ሱሪ

ኅዳር 24

ዛሬም እህል በዛ። አዲሱ ጤፍ ገብቶ የአምበር ከተማ ሰው በሙሉ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ የተሰለፈ ነው የመሰለኝ። ከዲማ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ጆንያውን አወረደና "ጌታው፣ ወረፋው ስንት ደረሰ?" አለኝ። ፊቴ ዱቄት ብቻ... የሙሉቀን ኮት፣ የሙሉቀን ሱሪ፣ የሙሉቀን ባርኔጣ። ምን ልበለው? ጉሮሮዬን ጠረግኩና ድምፄን አወፍሬ "ሰባተኛ ነህ" አልኩት። ጎረቤቴ ጥሩነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ በሳቅ ሞተች።

ቤት ስገባ ከፋኝ። በሟች ባል ሱሪ ይሳቃል? እሱ ቢኖር ግን ከጥሩነሽ በላይ ይስቅ ነበር።

ኅዳር 28

ታረቀ መጣ። የሙሉቀን ታናሽ ወንድም። የወፍጮውን ሞተር ዞሮ ዞሮ አየው፣ ዳበሰው። በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው።

"ይኸ ሱሪ መቼ ነው የሚወልቀው?"

"ሐዘን ላይ ነኝ።"

"ሐዘንሽ ኪስ አለው እንዴ?"

አለው። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ይህን ግን አልነገርኩትም።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ማን ያየዋል? በለቅሶው ዕለት እንደ ወጉ ልብሱን ለብሼ፣ ዱላውን ይዤ አለቀስኩለት። አርባው ሲወጣ ወፍጮውን ራሴ ማስነሳት ጀመርኩ፣ በቀሚስ። በሦስተኛው ቀን የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ጫፉን ይዞ እስከ ጉልበቴ ቀደደው። ትንሽ ቢቆይ እግሬ ነበር የሚሄደው። በማግስቱ ሱሪውን አጠለቅኩ። ሐዘንተኛን ልብስሽን ቀይሪ የሚል ደፋር የለም። ይኸው እስከ ዛሬ...

ችግሩ ጥር 17 ነው። ሙት ዓመቱ። ዘመድ ተሰብስቦ የሐዘን ልብሴን ያስወልቀኛል፣ አዲስ ያለብሰኛል። ሰበቤም አብሮ ሊወልቅ ነው። ያለ ሱሪ ደግሞ ወፍጮ የለም። ወፍጮው ያለው በአማቴ በእማማ የብርጓል መሬት ላይ ነው። "ለታረቀ ይሁን" ካሉ አለቀልኝ። እሳቸው ግን ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጠልተውኝ ይሆን?

ታኅሣሥ 9

የንስሐ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። "ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ ይላል፣ ልጄ።"

"የሞተ ወንድ ልብስስ፣ አባ?"

ጢማቸውን ዳበሱ። "እንግዲህ... እስከ ሙት ዓመቱ።"

ሁሉም እስከ ሙት ዓመቱ።

ታኅሣሥ 24

ቀበሌ ተጠራሁ። ታረቀ ከሶኛል፣ "ነውረኛ አለባበስ" ብሎ። ወፍጮውን አጠፋሁት። ለገና ዱቄት የተሰለፉትን ሴቶች "ምን ለብሼ እንደምፈጭ ቀበሌ እስኪወስን ነው" አልኳቸው። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት! ጆንያቸውን እዚያው ትተው ተከተሉኝ።

ሊቀመንበሩ አቶ ይታያል ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ጠበቀኝ። በመስኮቱ ሴቶቹን ሲያይ አላበው።

"ወይዘሮ ስሜነሽ፣ አገሩ ሕግ አለው።"

"አንቀጹን ያንብቡልኝ።"

ገለጠ። ገለጠ። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ደግሞ ገለጠ። "ይኸውልዎ... የደንብ ልብስ ያለ ፈቃድ መልበስ..."

"ሟቹ ወፍጮ ፈጪ ነበር እንጂ ፖሊስ አልነበረም።"

ጥሩነሽ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። "ሊቀመንበር፣ የእርስዎም ባለቤት ጆንያ ወረፋ ላይ ነው ያለው። ዐሥራ አንደኛ ናት።"

መጽሐፉን ዘጋው። "የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው። ቤተ ዘመድ ይወስን።"

እየሳቅኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ሳቄ የቆመው። ቤተ ዘመድ ማለት እማማ የብርጓል አይደሉ?

ጥር 2

እማማ የብርጓል ወፍጮ ቤት መጡ። ከቀብሩ ወዲህ ገብተው አያውቁም።

"ከስተሻል" አሉኝ። መቀነታቸውን ፈትተው በወገቤ አዞሩት፣ ጫፉን ቋጠሩ። ከዚያ ወደ እግሬ ለቀቁት። "አጥረሻልም ልበል?" ሌላ ቋጠሮ። ሞኝ መስያቸው ነው? ለቀሚስ እየለኩኝ ነው። ታረቀ ልኳቸው ነው።

በሩ ላይ ዞር አሉ። "ከሩቅ ስትመጪ እኮ..." አሉና ሳይጨርሱት ሄዱ።

ጥር 10

እንቅልፍ የለም። ሱሪውን አጥቤ ሰቀልኩት። የቀረን ሳምንት ነው።

ጥር 17

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ታረቀ ጥልፍ ቀሚስ ይዞ መጣ፣ ሰፊ፣ መሬት የሚጠርግ። ቺንጋው ቢያየው ምራቁን ይውጥ ነበር። እማማ የብርጓል "ተቀመጥ። ሐዘኗን የማወጣላት እኔ ነኝ" አሉትና ጓዳ አስገቡኝ።

"አውልቂ።"

አወለቅኩ። ሱሪውን ተቀብለው ፊታቸውን ቀበሩበት።

"ዓመት ሙሉ ከሩቅ ስትመጪ ልጄ የመጣ እየመሰለኝ ልቤ ብድግ ይላል። ቀረብ ስትይ ያው አንቺ ነሽ። በየቀኑ ቀበርሁት እኮ። ይበቃኛል።"

አላወቅኩም ነበር። እኔ በኪሱ እየተደሰትኩ እሳቸው... በለቅሶው ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ከዚያ ጥቅላቸውን ፈቱ። ሱሪ። አዲስ፣ የዱቄት ቀለም ያለው ካኪ። "ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ነው ያሰፋሁት። ልብስ ሰፊው 'ለማን ነው?' ቢለኝ 'ለልጄ' አልሁት። ዋሸሁ?"

አዲሱን ሱሪ አልብሰው እጄን ይዘው ዘመድ መሃል አወጡኝ። የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የወንድ ልብስ አይደለም ወይ፣ የብርጓል?"

"ወንድ ለብሶት አያውቅም፣ አባ። በእሷ ልክ ነው የተሰፋ። ወፍጮውም የእሷው ነው።"

የንስሐ አባቴም ታረቀን አዩት፣ ታረቀ መሬት መሬት አየ። "እንግዲህ ይባርክልሽ" አሉኝ። ቀሚሱን ተቀበልኩት። ለፋሲካ እለብሰዋለሁ፣ ያምራል እኮ።

ጥር 19

የዲማው ገበሬ ተመልሶ መጣ። ሱሪዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ተምታታበት። "እሜቴ... ወረፋው ስንት ደረሰ?" በራሴ ድምፅ "አምስተኛ ነህ" አልኩት።

ሥራ ጨርሼ ወደ ቤት ስመጣ እማማ የብርጓል ደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አላዞሩም። ገና ከሩቅ "ስሜ፣ ነይ ራት ብዪ" ብለው ጠሩኝ።