ሳንደናገጥ የተጠነቀቅንበት የከፊር ዱቄት

ለምግብ ጥራት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ይህን ለደብዳቤ ወግ ብዬ የጻፍሁት እንዳይመስልዎ፤ ሰሞኑን ጤና የሚለውን ቃል እስከ አፉ እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ ነው የምዞረው። እርስዎም ቤተሰብዎም በየማለዳው የሚቀርብላችሁን ሳትጠራጠሩ ጠጥታችሁ፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም እንድትገቡ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

እኔ ባለቤቴን በሞት ያጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ማስታወቂያ አንብቦ ለመፍራት ይበቃል፤ አንብቦ ለመረጋጋት ግን አልበቃኝም። ከእኔ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ አለችኝ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገፍቷል። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ እቤት የሚገኘው መንገዱ ሲለቀው ነው። ልጄ ካረገዘች ወዲህ የቀመሰችው ሁሉ አልረጋላት ብሎ፣ የሰፋሁላት ቀሚስ በሆዷ እየጠበበ በትከሻዋ እየሰፋ ሲያስቸግረኝ፣ የምትከታተላት አዋላጅ ከፊር የሚባለውን ከወተት የሚሠራ ኮምጠጥ ያለ መጠጥ እንድትሞክር መከረቻት። እኔም ከሰፈራችን ሱቅ የከፊር እርሾ ዱቄት ገዝቼ የማላውቀውን ሙያ ጀመርሁ።

ወተቱን አፍልቼ፣ ለብ እስኪል ጠብቄ፣ ለሕፃን ወተት እንደሚደረገው ጠብታውን በክንዴ ውስጠኛ በኩል ፈትሼ፣ ዱቄቱን በንጹሕ ማንኪያ አማስዬ፣ ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እንዳይነቃነቅ ተብሏልና በዚያ በኩል የማልፈው በእግሬ ጣት ነበር። በማግስቱ ሲረጋ ወደ ፍሪጅ ይገባል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣች ቀን ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን፤ ከሆዷ አልወጣም። እሷ ጠጣች፣ እኔ ጠገብሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ስትጠጣ ከረመች።

ማስታወቂያዎን ሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ያገኘሁት እንግዲህ በዚህ ደስታዬ መሐል ነው። «በገበያ ላይ ከሚገኙ የወተት እርሾ ዱቄቶች መካከል አንዳንድ የምርት ቁጥር ያላቸው፣ በተለይ በነፍሰ ጡር እናቶችና በፅንስ ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን» ይላል። ስለዚህ ማስታወቂያ ያለኝን ምስጋና በቁጥር በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ «ሳይደናገጥ» ስለምትለዋ ቃል አመሰግናለሁ። እንደ ታዛዥ ዜጋ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ሞክሬአለሁ። የሱቁን በር ተደግፌ አልተደናገጥሁም። በራፌ ላይ ቆሜ ቁልፉ ከቀዳዳው አልገጥም ሲለኝ አልተደናገጥሁም። ልጄ ከውስጥ «አባባ፣ ከፊሬ ደረሰ?» ብላ ስትጣራ ገና ከበሩ ውጭ እንዳለሁ «ዛሬስ ወተቱ ተበላሽቷል» አልኋት። ደግነቱ ፊቴን አላየችም፤ ብታይ ኖሮ ማስታወቂያውን ከግንባሬ ላይ ታነበው ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እርጉዝ እቤቱ እያለች የጨነቀው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ተረቱ አይናገርም፤ ማስታወቂያዎም እንደዚሁ።

ሁለተኛ፣ «አንዳንድ የምርት ቁጥር» ስለሚለው አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹ የትኞቹ እንደሆኑ ባለመጻፋቸው ማንም ሳይለይ ሁላችንም በእኩልነት እንድንፈራ ሆነናል። በእኔ በኩል ያለውን ጉድለትም አልደብቅም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ማንኛውንም ነገር በካርቶኑና በፌስታሉ አታሳድርም ነበር። «ዕቃ በማሸጊያው እስካለ እንግዳ ነው፤ ጠርሙስ ሲገባ ነው ቤተሰብ የሚሆነው» ትል ነበር። እሷ ከሄደች በኋላም ይህን ሥርዓቷን አላፈረስንም። ስለዚህ ዱቄቱን እንደገዛሁ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ቀድጄ በብልቃጥ ገለበጥሁና ማሸጊያውን ከነቁጥሩ ጣልሁት። እንግዳው ቤተሰብ ሆነ፤ ማን እንደሆነ ግን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ሱቁ ብሄድ ባለሱቁ የተረፈውን ሁሉ ለአከፋፋዩ መልሶታል።

ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ በመረጃ መስኮቱ በኩል ያለችውን ልጅ ጠየቅሁ። እሷም ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ከልጄ ሆድ ጋር አቻ ለአቻ ነው። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። ጠረጴዛዋ ላይ የተነከሰ ደረቅ ብስኩት ነበር፤ ልጄም አንድ ሰሞን በዚያው ነበር የኖረችው። በትሕትና «የምርት ቁጥሩ ስንት ነው፣ አባባ?» አለችኝ። ማሸጊያውን እንደጣልሁ ነገርኋት። «እንግዲያው የእርስዎን ማወቅ አንችልም» አለችኝ። የእኔ ይቅርና የእናንተን ቁጥሮች እንድታሳየኝ ብለምናት፣ ዝርዝሩ ገና እንዳልጸደቀ ነገረችኝ። ቁጥር የሌለኝ እኔ፣ ቁጥር ከሌለው መሥሪያ ቤት ጋር እንዲህ ተገናኘን።

አዋላጇን በስልክ ሳማክራት ጉዳቱ በምን እንደሚመጣ ካልተጻፈ ምኑን መርምረው እንደሚያገኙት ግራ ገባት። «መሥሪያ ቤቱ ስሙን ይንገረን፤ ያን ጊዜ የምናደርገውን እናውቃለን። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏልና እስከዚያው ክፉ ወሬ አያሰሟት። ትኩሳት ካዩባት ግን በየትኛውም ሰዓት ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የልጄን ግንባር መንካት ሆኗል። ፀጉርሽ ላይ ክር አለ እላለሁ፣ እነካለሁ። ትራስሽን ላስተካክል እላለሁ፣ እነካለሁ። በቀደም «አባባ፣ እጅህ ካውያ ሆነ እንዴ? ግንባሬን ተኮስኸው እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። እጄ ግን ትኩሳቱ የእሷ ይሁን የራሴ ለይቶ መናገር አልቻለም።

ሦስተኛ፣ ናሙና እንዳመጣ ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ዱቄቱ ያለ ማሸጊያው አይመረመርም፤ የተዘጋጀው መጠጥ ግን ይመረመራል ተብዬ፣ ከዚያው ብልቃጥ ዘግኜ፣ እንደ ወትሮው አፍልቼና አማስዬ አንድ ጠርሙስ ከፊር አዘጋጀሁ። ሰው ለሚወደው የሚያዘጋጀውን ነገር በዚያው ጥንቃቄ ለክስ ሲያዘጋጅ እጁ እንዴት እንደሚከብደው ልነግርዎ አልችልም። ጠርሙሱ ባለቤቴ በእጅ ጽሑፏ «ስኳር» ብላ የለጠፈችበት ነው። አውቶቡስ ውስጥ በጉልበቶቼ መሐል ይዤው መጣሁ። የበር ጥበቃው «አባባ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?» ሲለኝ ኮምጣጣ ወተት ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት። «እንዲያ ከሆነ ይግቡ፤ እዚህ የሚፈነዳው ባለጉዳይ ብቻ ነው» አለኝ። ናሙና የሚቀበለው ወጣትም ጠርሙሱን ተቀብሎ ምንም ሳይጽፍበት ይዞት ገባ። ውጤቱ ሲደርስ በስልክ ይነገርዎታል ተባልሁ።

ስልኬ እንዳይዘጋብኝ ቻርጅ እያደረግሁ ጠበቅሁ። ሲጠራ ልቤ ይወርዳል፤ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ባለበት ይቆማል። እግሬ እስኪቀጥን ብመላለስ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ፊርማ ቀርቷል ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ነው፤ የእኔ እንኳ ወተቱ እጃችሁ ላይ ነበር።

አራተኛው ግን ምስጋና ሳይሆን ቅሬታ ነው፤ እርስዎንም አይመለከትም፤ በራሴ ላይ ነው። ልጄን እየዋሸሁ ነው። ከፊሩ ከቆመባት ወዲህ ምግብ እንደ ቀድሞው ከሆዷ አልረጋ ብሏታል። «አባባ፣ ዛሬም ወተቱ ተበላሸ? ላሟ ናት ወይስ አንተ ነህ የተበላሸኸው?» ትለኛለች። ብሰጣት እመርዛት እንደሆነ አላውቅም፤ ብከለክላት ግን ስትቀልጥ እያየሁ ነው። እኔ ራሴ በየማለዳው ተደብቄ አንድ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ምንም አልሆንሁም። ዳሩ ግን የእኔ ሆድ በዚህ ጉዳይ ለምስክርነት አይበቃም።

ስጸልይም ራሴን ያዝሁት። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ጠብቅልኝ» እልና ወዲያው ከሥሩ ሌላ ጸሎት ይከተለኛል፤ «በእኔ እጅ አይሁን» የሚል። ለእሷ ነው የምለምነው ወይስ ለገዛ እጄ? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስሁትም። እርስዎ ላይ የምቆጣውም ምናልባት ቁጣ ከፍርሃት ስለሚቀል ይሆናል። ይህን ያህል ራሴን እንድመረምር ስላደረጉኝም አመሰግናለሁ፤ በቤቴ እስካሁን የተካሄደው ምርመራ ይኸው ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ካሣ አይደለም፤ ማንም እንዲቀጣልኝም አልፈልግም። ማስታወቂያውን ከማየቴ በፊት ለሚመጣው ሕፃን አንዲት ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ጀምሬ ነበር። ደረቷንና አንዱን እጅጌ ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን እጅጌ ለመቁረጥ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣ ጠመኔውን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው አባባል ከመቀሱ ጋር አብሮ ጣቴ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ፍርሃት የእምነት ማነስ መሆኑን አላጣሁትም፤ ማወቄ ግን መቀሱን አላስነሣኝም። እንግዲህ ያ ዱቄት ምን እንዳለበት፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ፣ ከተጠጣስ ሐኪም ምን ማድረግ እንዳለበት በአንዲት መስመር ይጻፉልን። ክፉም ቢሆን ይጻፉት። ክፉ ዜና መድኃኒት ሊኖረው ይችላል፤ ለዝምታዎ ግን አዋላጇም መድኃኒት የላትም።

ጊዜዎን የተሻማሁብዎ ትንሽ ሰው፣ በማስታወቂያዎ ጥላ ሥር ሳልደናገጥ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለስልክዎ ድምፅን፣ ለዝርዝርዎ ፊርማን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አንድ እጅጌ የቀረው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንደጨረስሁ ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ጠርሙሴን ከጥበቃ ክፍሉ ውስጥ አውጥቶ መለሰልኝ፤ ባዶ ነው፣ ጥርት ብሎ ታጥቧል። የባለቤቴ የእጅ ጽሑፍም አብሮ ታጥቦ ሄዷል፤ እሱን በቅሬታ አልቆጥረውም። ለካስ የምርመራ ክፍሉ ፍሪጅ ስለተበላሸ ናሙናው ከሠራተኞች ምሳ ጋር ተቀምጦ ኖሯል። ጥበቃው እየሳቀ «አባባ፣ በመስኮት ያለችው ልጅ የማን እንደሆነ ሳታውቅ ጨረሰችው፤ ምግብ አልረጋላት ብሎ የለ? እሱ ግን ተስማማት። ሌላ ካለዎት ያምጡላት» አለኝ። ወደ መስኮቷ ስሮጥ ዛሬ አልገባችም አሉኝ። ለምን እንደቀረች የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስለ ልጄ የለመንሁትን ይተዉት። ዛሬ ሰው ልከው የራስዎን ሠራተኛ ግንባር ያስነኩልኝ። ዝርዝሩን ለእሷ ሲሉ ከፈረሙት፣ አንድ ቅጂ ለእኔም ይድረሰኝ።