ሞተር የሌለው ጄት

ወንድሜ ፈሃድ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ከድሬ ሙቀት በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ጅቡቲስ እንዴት ይዛሃለች?

አባዬ ሲሠራው የነበረውን በሪሞት የሚበር ጄት ጨረሰው! ሞተር የለውም፤ ክንፉ ግን ከኔ ቁመት ይረዝማል። በመዳፉ እየዳበሰ ነው ያለሰለሰው። ከድሬ ወጣ ብለን ቢዮ አዋሌ ሄደን ከኮረብታው ላይ ለቀቅነው። ሪሞቱን ለማንም የማያስነካው አባዬ፣ "እንቺ ፊልሳን፣ አንቺ አብርሪው" አለኝ።

አቦ ፈሃድ፣ ብታየው! ነፋስ ብቻ ተሸክሞት፣ ኮሽ ሳይል፣ እንደ እውነተኛ ጄት ሲዞር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በመጨረሻ አጠገባችን ሣሩ ላይ አሳረፍኩት።

አባዬ ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ ፈገግ ብሎ፣ "ማሻአላህ! አሁንም ከፍ እያለ ነው አይደል?" አለኝ።

"በጣም ከፍ ብሏል አባዬ" አልኩት።

ለዒድ እንዳትቀር። አባዬ ሊያይህ ይፈልጋል፤ ዓይኑ ጨርሶ ሳይከዳው ቶሎ ና።

እህትህ ፊልሳን