ጋዝ አልቋል ያልሽው

ትንሳኤ፣

ትናንት «ጋዝ አልቋል» ብለሽ ስትጽፊልኝ በረንዳ ላይ ወጥ የምንሠራበት ምድጃ ጋዝ መስሎኝ አንድ ጣሳ ቡታጋዝ ገዝቼ ገባሁ። አንቺም ጣሳውን አይተሽ «ጎበዝ!» አልሽኝ።

ለካ የመኪናው ቤንዚን ኖሯል፤ እዚህ አሜሪካ ቤንዚኑንም ጋዝ ነው የሚሉት።

ዛሬ ጠዋት አልነሳ ሲለኝ ደወልኩልሽ። «ነግሬሻለሁ እኮ!» ብለሽ ዘጋሽው። ዲኬተር ከተማ የላቦራቶሪ ሥራ ቃለ መጠይቅ እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ ሸሚዜን የተኮስሽልኝ አንቺ ነሽ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሕሩይ መጥተው አዩት። «አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅላችሁት ከየት ይጠጣ?» አሉ። ዳገቱ ላይ አታቁሚ ብዬሽ ነበር። ምናልባት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ይሆናል።

ከጀሪካናቸው የተገኘችውን ትንሽ ነዳጅ ጨምረንበትም አልተነሳም።

አሁን ከዲኬተር ተመልሼ ወደ ድሮው ሥራዬ እየወጣሁ ነው። ስትመጪ ጋሽ ሕሩይን ጥሪና ወደ ሜዳው አውርዱት። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ግማሽ አዙሪ፤ የነዳጅ ፓምፑ እዝዝ ብሎ ዝም ሲል አጥፊው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጊና አስነሺው። እምቢ ካለ አትጨቅጭቂው፤ ባትሪው ያልቃል።
ከተነሳ በቀጥታ ነዳጅ ማደያ።
ሙሉ ታንክ።

የትኛው ጋዝ ብዬ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው። የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ እያየሽ ቁልፉን ሰቅለሽ መተኛትሽ ግን የኔ አይደለም።

ጠዋት ወደ ቃለ መጠይቁ በአውቶቡስና በባቡር ሄጄ አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ከኔ ቀጥሎ ተራ የነበራት ልጅ ገብታ ነበር። ቅድም ደውለው ሥራውን ለእሷ እንደሰጧት ነገሩኝ።

ኤልዳና